የአማተር ሬዲዮ አንቴና ግራውንዲንግና የመብረቅ ጥበቃ

የአማተር ሬዲዮ አንቴና ግራውንዲንግና የመብረቅ ጥበቃ ማለት በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ወይም በግቢ ውስጥ የተተከለን የአማተር ሬዲዮ አንቴና፣ ምሰሶውን፣ ወደ ቤት የሚገቡትን ገመዶችና የሬዲዮ ክፍሉን መሣሪያዎች ከመሬት ጋርም እርስ በርሳቸውም በማገናኘት መብረቅ በሰው፣ በቤትና በመሣሪያ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የመቀነስ ሥራ ነው። ሥራው መብረቅን አያስቀርም። ዓላማው ሁለት ነው፦ የመብረቁ ጅረት ቤት ሳይገባ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ማዘጋጀት፣ እንዲሁም በቤቱ ውስጥ ያሉ ብረቶችና ሽቦዎች ሁሉ ቮልቴጃቸው አብሮ እንዲወጣና አብሮ እንዲወርድ ማድረግ።

ከሁለቱ ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ ማለትም መሬት ውስጥ ዘንግ መትከልን ነው። ጉዳቱን በአብዛኛው የሚወስነው ግን ሁለተኛው፣ ማስተሳሰሩ ነው። ከቤቱ የኤሌክትሪክ ግራውንድ ጋር ሳይገናኝ ለብቻው የተተከለ የአንቴና ዘንግ ጥበቃ ይመስላል እንጂ ጅረቱ በሬዲዮው ውስጥ አልፎ እንዲሄድ የሚጋብዝ የታወቀ ስህተት ነው።

መብረቅ ወደ አንቴና የሚደርስባቸው መንገዶች

በደመናና በምድር መካከል የሚፈጠር የመብረቅ ምት ከፍተኛ ጅረቱ ባመዛኙ 30,000 አምፔር አካባቢ ሲሆን ጠንካሮቹ ከ100,000 አምፔር ያልፋሉ። ምቱ ከዜሮ ተነሥቶ ጫፉ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ብቻ ነው። በዓይን አንድ ብልጭታ ሆኖ የሚታየው መብረቅ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ የተከታተሉ ሦስት ወይም አራት ምቶች ነው። የቤት ብሬከርም ሆነ ፊውዝ ይህን ለመቁረጥ ጊዜ አያገኝም። ሬዲዮውን በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ማጥፋትም ከመብረቅ አያድንም፤ ኪሎ ሜትሮችን በአየር ውስጥ ዘልሎ የመጣ ኃይል ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የማብሪያ ክፍተት አይቆምም።

አንቴናን የሚያገኘው በሦስት መልክ ነው። የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምት ሲሆን ብርቅ ነው፤ ሲደርስ ግን ቀጭን የሽቦ አንቴናን ሊያተን፣ ኮአክሲያል ገመድን ሊሰነጥቅና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሁለተኛው በአቅራቢያ ባለ ዛፍ፣ ሕንፃ ወይም የመብራት መስመር ላይ የሚያርፍ ምት ነው። ጅረቱ በዙሪያው የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በረጅም ሽቦዎች ሁሉ ላይ ቮልቴጅ ያስነሣል፤ አንቴና ደግሞ ይህን ዓይነቱን መስክ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። በአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ዘንድ የሚቃጠለው መሣሪያ በአብዛኛው የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ሰለባ ነው። ሦስተኛው መብረቅ ሳይኖርም በዝናብ፣ በበረዶ፣ በነፋስ በሚነዳ አቧራ ወይም ከላይ በሚያልፍ የተሞላ ደመና ምክንያት በአንቴናው ላይ የሚጠራቀም ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ከመሬት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሽቦ አንቴና በዝናብ ወቅት በገመዱ ጫፍ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ብልጭታ ሲያወጣ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሬዲዮ መቀበያውን ስስ ትራንዚስተሮች ለማቃጠል ይህም ይበቃል።

ከመሬት ጋር ስለማገናኘት ያለው ታሪክ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1752 ፈረንሳዊው ቶማ ፍራንሷ ዳሊባር፣ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሐሳብ በመከተል፣ ከፓሪስ ሰሜን በሚገኘው ማርሊ ላ ቪል መንደር ረጅም የብረት ዘንግ አስቁሞ ከነጎድጓድ ደመና የኤሌክትሪክ ብልጭታ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። በነሐሴ 1753 በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ አባል የነበረው ጌኦርግ ቪልሄልም ሪችማን ተመሳሳይ ሙከራ በቤቱ ውስጥ አደረገ። ዘንጉ ከጣሪያው ላይ ተነሥቶ በብረት መስመር ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር፤ መጨረሻው ግን ሆን ተብሎ ከመሬት የተለየ ነበር፤ ምክንያቱም ሪችማን የደመናውን ኤሌክትሪክ መለካት ይፈልግ ነበር። ማዕበሉ ሲቃረብ ወደ መለኪያው ጠጋ ባለ ጊዜ ከመሣሪያው የወጣ ብልጭታ ግንባሩን መትቶ ገደለው። አብሮት የነበረው የአካዳሚው ቀራጭ ሶኮሎቭ ተረፈ።

የሪችማን መሣሪያ ዛሬም በየቤቱ አለ። ከጣሪያ ወርዶ በመስኮት የገባ፣ ከሬዲዮው ተነቅሎ በጠረጴዛ ላይ የተተወ፣ በውጭም በውስጥም ከመሬት ጋር ያልተገናኘ የአንቴና ገመድ በአሠራሩ ከዚያ አይለይም።

በሬዲዮ የመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት አማተሮች አንቴናውን ቢላዋ በሚመስል ትልቅ ማብሪያ ከሬዲዮው ነጥለው ከመሬት ጋር ያገናኙት ነበር። የኮአክሲያል ገመድና በትራንዚስተር የሚሠሩ መሣሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ ማብሪያው እየቀረ በአሬስተሮችና በመግቢያ ሰሌዳ ተተካ። በመስኩ ላይ ከሚጠቀሱት መጻሕፍት አንዱ የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌይ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው የዋርድ ሲልቨር የግራውንዲንግና የማስተሳሰር መጽሐፍ ነው።

ሁሉንም በአንድ ነጥብ ማስተሳሰር

የጉዳዩን ልብ ለመረዳት አንድ የተለመደ ቤት ማሰብ ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪውና የቤቱ የግራውንድ ዘንግ በቤቱ ምዕራብ በኩል ናቸው። የሬዲዮ ክፍሉ በምሥራቅ በኩል ነው። ባለቤቱ ገመዱ አጭር እንዲሆን ብሎ በሬዲዮ ክፍሉ መስኮት ሥር አዲስ ዘንግ ይተክልና የአንቴናውን ገመድ ሽፋን ከዚያ ጋር ያገናኛል። ሁለቱ ዘንጎች በሽቦ አልተያያዙም።

የአዲሱ ዘንግ የመሬት ሬዚስታንስ 40 ኦም ነው ይባል፤ ለአንድ 2.4 ሜትር ዘንግ በመካከለኛ አፈር ውስጥ ይህ የሚጠበቅ ቁጥር ነው። በቅርብ ከወደቀ መብረቅ 5,000 አምፔር በአንቴናው በኩል ወደዚህ ዘንግ ቢወርድ በዘንጉ ላይ የሚነሣው ቮልቴጅ 40 ሲባዛ በ5,000፣ ማለትም 200,000 ቮልት ነው። በዘንጉ ዙሪያ ያለው አፈር በዚህ ኃይል ራሱ ስለሚበሳ ቁጥሩ በተግባር ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሆኖም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይቀራል። በምዕራብ በኩል ያለው የቤቱ ግራውንድ በዚያች ቅጽበት ከዜሮ ብዙም አልራቀም። በሁለቱ መካከል ያለው ብቸኛ የብረት መንገድ ደግሞ ሬዲዮው ነው፤ ምክንያቱም በአንድ በኩል ከአንቴናው ገመድ ሽፋን፣ በሌላ በኩል በሶኬቱ የግራውንድ እግር ከቤቱ ሽቦ ጋር ተገናኝቷል። ጅረቱ በሬዲዮው አልፎ ወደ ምዕራቡ ዘንግ ይሄዳል። መብረቁ በአንቴናው ሳይሆን በመንገድ ዳር የመብራት መስመር ላይ ቢያርፍም ነገሩ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል።

ሁለቱ ዘንጎች በወፍራም መዳብ ከተያያዙ፣ የአንቴናው ገመድና የኤሌክትሪክ መስመሩም ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት በአንድ ሰሌዳ ላይ ከተገናኙ፣ ቤቱ በሙሉ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወጣና ይመለሳል። በሬዲዮው ሁለት ጫፎች መካከል ልዩነት ከሌለ ግን በውስጡ የሚያልፍ ጅረት የለም። በከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ የማትሞተው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም እግሮቿ ያረፉት በአንድ ሽቦ ላይ ነው።

ይህ የጋራ ነጥብ በተግባር የሚሠራው በመግቢያ ሰሌዳ ነው። በግድግዳው ውጭ ወይም በመስኮቱ ሥር የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ላሜራ ይታሰራል፤ ወደ ሬዲዮ ክፍሉ የሚገባ ማንኛውም ሽቦ በዚያ በኩል ብቻ ያልፋል። «ማንኛውም» የሚለው ቃል ክብደት አለው። የአንቴና ገመዶች፣ የአንቴና ማዞሪያ ሞተር ገመድ፣ የስልክ መስመር፣ የኢንተርኔት ገመድና ለክፍሉ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ ይጨመራሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሳተላይት ዲሽ ገመድ ነው፤ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ወደ ሬዲዮው የሚሄድ አንድ ቀጭን ገመድ በሰሌዳው ላይ የተደከመበትን ሁሉ ያፈርሳል። በክፍሉ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎችም ከጠረጴዛው በስተጀርባ በተዘረጋ የመዳብ ላሜራ ወይም ቱቦ ላይ እያንዳንዳቸው በአጭር ሽቦ ይታሰራሉ፤ ያ ላሜራ ደግሞ ከመግቢያ ሰሌዳው ጋር ይገናኛል።

ማስተሳሰሩ ዕቃን ያድናል እንጂ ዕቃውን የሚነካን ሰው በሙሉ አያድንም። የሬዲዮው ብረት ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲወጣ ኦፕሬተሩ የቆመበት የሲሚንቶ ወለል አብሮት ላይወጣ ይችላል።

ሽቦው፣ ርዝመቱና መታጠፊያው

በቤት ኤሌክትሪክ ሥራ የለመደ ሰው ሽቦን የሚመርጠው በውፍረቱ ነው። በመብረቅ ሥራ ከውፍረት ይልቅ ርዝመትና ቅርጽ ይበልጣሉ። ምክንያቱ ኢንዳክታንስ ነው፤ ማንኛውም ሽቦ በድንገት የሚጨምርን ጅረት ይቃወማል። ቀጥ ያለ ሽቦ በየሜትሩ ወደ 1 ማይክሮ ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው። የመብረቅ ጅረት በማይክሮ ሰከንድ 10,000 አምፔር ሲጨምር በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ላይ 10,000 ቮልት ገደማ ይነሣል። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት እስከ መሬት በሚወርድ 6 ሜትር ሽቦ ላይ ይህ 60,000 ቮልት ይሆናል፤ የሽቦው ሬዚስታንስ በኦም መለኪያ ሲታይ ዜሮ ቢልም። ስለዚህ «ግራውንድ አለው» መባል ብቻውን ብዙም ትርጉም የለውም፤ መጠየቅ ያለበት ሽቦው ስንት ሜትር እንደሆነ ነው።

ጠፍጣፋ የመዳብ ላሜራ በተመሳሳይ የመዳብ መጠን ከተሠራ ክብ ሽቦ ያነሰ ኢንዳክታንስ አለው፤ ስለዚህ ከሰሌዳው ወደ ዘንጉ ለሚወርደው መስመር ይመረጣል። የተጎነጎነ ሽቦ በውጭ አየር ላይ አይመከርም፤ ክሮቹ መካከል ውኃ ገብቶ በጥቂት ክረምት ይበላዋል። መስመሩ ያለ ጥምዝ በቀጥታ መውረድ አለበት። መታጠፍ ግድ ከሆነም የአሜሪካ የመብረቅ ጥበቃ ደንብ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራዲየስ ያለው ሰፊ ኩርባ ይጠይቃል፤ መብረቅ በሹል ማዕዘን ላይ ሽቦውን ትቶ በአየር ይዘላል። የተረፈ ሽቦን ጠቅልሎ ማሰር ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተጠቀለለ ሽቦ ጥቅል ጅረትን የሚቃወም መሣሪያ ነውና።

መገጣጠሚያዎች በክላምፕና በብሎን ወይም በሙቀት ብየዳ ይያዛሉ። በሶልደር ብቻ የተያዘ መገጣጠሚያ በመብረቅ ጅረት ይቀልጣል። መዳብን በቀጥታ ከጋልቫናይዝድ ምሰሶ ጋር ማሰርም ስህተት ነው፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ ዚንኩ ይበላና ምሰሶው ይዝጋል። በመካከላቸው የማይዝግ ብረት ክላምፕ ይገባል።

ዘንግና አፈር

የተለመደው የመሬት ዘንግ በመዳብ የተለበጠ ብረት ሲሆን ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዘንጉን ማወፈር ብዙ አይጠቅምም፤ ማስረዘም ወይም ቁጥሩን መጨመር ይጠቅማል። ሁለት ዘንጎች ሲተከሉ በመካከላቸው ያለው ርቀት ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት እጥፍ መሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ሁለቱም አንዱን አፈር ይሻማሉ። ምሰሶ በግቢ ውስጥ ለብቻው የቆመ ከሆነ ከሥሩ በተለያየ አቅጣጫ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሄዱ የተቀበሩ የመዳብ መስመሮችና በየመስመሩ የተተከሉ ዘንጎች ጅረቱን ከቤቱ ሳይደርስ ይበታትኑታል።

የዘንጉን ብቃት የሚወስነው አፈሩ ነው። እርጥብ የሸክላ አፈር ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፤ ደረቅ አሸዋና ዓለት አያሳልፉም። ከላይ የተጠቀሰው 40 ኦም አፈሩ አሥር እጥፍ የሚከብድ ቢሆን 400 ኦም ይሆናል። በዘንጉ ዙሪያ ጨውና ከሰል መጨመር በብዙ አገር የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጨው ለጊዜው ይረዳል፣ ነገር ግን በዝናብ ይታጠባል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። ቤንቶናይት የሚባለው ውኃ የሚይዝ ሸክላ የተሻለ ዕድሜ አለው።

ለቤት ሠሪ የሚጠቅም ሌላ መንገድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኸርበርት ዩፈር በደረቁ የአሪዞና ምድር ለነበሩ የጦር መሣሪያ ማከማቻዎች ያቀረበው ነው። ዩፈር በመሠረት ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ፣ ኮንክሪቱ ከአፈሩ እርጥበት ስለሚስብ፣ ደረቅ መሬት ውስጥ ካለ ዘንግ የተሻለ ግራውንድ እንደሚሆን አሳየ። ቤቱ ገና በመሠረት ላይ እያለ ከፌሮው ጋር የተገናኘ የመዳብ ጫፍ ወደ ውጭ ማውጣት ወጪው ጥቂት ነው። አርማታው ከተሞላ በኋላ ግን ዕድሉ ያልፋል።

አሬስተር

የገመዱ ውጫዊ ሽፋን በሰሌዳው ላይ ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ የመሐሉ ሽቦ ግን ሳይገናኝ ይቀራል፤ ቢገናኝ ሬዲዮው አይሠራም። ይህን ክፍተት የሚሸፍነው አሬስተር ነው። በአብዛኛው በውስጡ በጋዝ የተሞላ ትንሽ የሴራሚክ ቱቦ አለ። በመደበኛ ጊዜ ጅረት አያሳልፍም፤ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ጋዙ ይበራና የመሐሉን ሽቦ ከሽፋኑ ጋር ያገናኛል።

ቱቦው ከሬዲዮው ኃይል ጋር መመጣጠን አለበት። 100 ዋት በ50 ኦም ገመድ ላይ ከፍተኛው ቮልቴጅ 100 ቮልት ነው፤ 1,500 ዋት ደግሞ 387 ቮልት ይደርሳል። አንቴናው በደንብ ካልተመጣጠነ ከዚህም ከፍ ይላል። ዝቅተኛ ቱቦ በከፍተኛ ኃይል ላይ ሲውል ሬዲዮው በሚያስተላልፍበት ጊዜ ይበራል፤ ከፍተኛ ቱቦ ደግሞ ብዙ ቮልት ያሳልፋል። በስሙ 230 ቮልት የተባለ ቱቦም ፈጣን ምት ሲመጣበት ከመብራቱ በፊት ብዙ መቶ ቮልት ያስገባል። በጥቂት ቮልት የሚቃጠል መቀበያ ላለው ሬዲዮ ይህ ሙሉ ጥበቃ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

አሬስተር የሚሠራው በመግቢያ ሰሌዳው ላይ ሲታሰር ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ከሬዲዮው ጀርባ ተሰክቶ በረጅም ሽቦ ወደ መስኮት የተላከ አሬስተር መብረቁን ቤት ካስገባ በኋላ መልሶ ሊያስወጣው የሚሞክር ነው። ለኤሌክትሪክ መስመር የሚሸጡ መከላከያ ያላቸው ዲቫይደሮችና ስታቢላይዘሮችም የቮልቴጅ መዋዠቅን እንጂ በአንቴና የሚገባ መብረቅን አይመለከቱም።

ገመድን መንቀል

መሣሪያን ከመብረቅ ለማዳን እስካሁን ከሁሉ የሚሻለው ማዕበል ከመምጣቱ በፊት የአንቴናውን ገመድና የኤሌክትሪክ መሰኪያውን መንቀል ነው። መንቀሉ ግን ግራውንዲንጉን አይተካም። የተነቀለው ጫፍ ክፍል ውስጥ ከቀረ መብረቅ ከዚያ ወደ ቅርብ ብረት ይዘላል። ስለዚህ ገመዱ ከተቻለ በውጭ፣ በሰሌዳው ላይ ይነቀልና ከግራውንድ ጋር በተያያዘ መዝጊያ ይዘጋል።

የገመዱን ጫፍ በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት በአሮጌ አማተሮች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ጥቅም የለውም፤ ከደመና የመጣ ብልጭታ ለጠርሙስ አይመለስም። ግራውንድ የተደረገ አንቴና መብረቅን ይስባል የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። መብረቅ የሚያርፍበትን ቦታ ይበልጥ የሚወስኑት የዕቃው ከፍታና በዙሪያው ያለው ነገር ናቸው፤ 12 ሜትር ምሰሶ ከግራውንድ ቢነጠልም ያው 12 ሜትር ነው። በምሰሶ ጫፍ የሚታሰሩ ብዙ ሹል ሽቦ ያላቸው ብሩሽ መሳይ መሣሪያዎች የደመናውን ኃይል ቀስ በቀስ በመልቀቅ ምትን ያስቀራሉ የሚለው የሻጮች አባባልም በሳይንስ አልተደገፈም።

ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ገመድ ለመንቀል መነሣት ዘግይቷል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል 30 ሰከንድ ካለ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ቀጣዩ ምት በዚያ ርቀት ውስጥ የትም ሊያርፍ ይችላል። በዚያን ጊዜ ገመዱን፣ ምሰሶውንም ሆነ ሬዲዮውን አለመንካት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ይመከራል።

ሬዲዮው የሚጠይቀው ግራውንድ

ሦስት የተለያዩ ነገሮች «ግራውንድ» በሚለው አንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ግራ መጋባት ይፈጠራል። አንደኛው ሽቦ ተበጥሶ የመሣሪያውን ብረት ሲነካ ብሬከር እንዲቆርጥ የሚያደርገው የሶኬት ግራውንድ ነው። ሁለተኛው የመብረቁ ነው። ሦስተኛው አንዳንድ አንቴናዎች ለሥርጭታቸው የሚፈልጉት ነው። ይህ የመጨረሻው ከዘንግ ጋር እምብዛም አይገናኝም፤ በ14 ሜጋ ኸርዝ ላይ 5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የግራውንድ ሽቦ የሞገዱ ሩብ ስለሆነ ከላይኛው ጫፉ ሲታይ እንደተቆረጠ ሽቦ ነው። ጥሩ ዘንግ መትከል ሥርጭትን ያሻሽላል ብሎ መጠበቅ ከዚህ ይመነጫል።

ደንቦች

በአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 810 የሬዲዮና የቴሌቪዥን አንቴናዎችን ይመለከታል። ለአማተር አንቴና የሚወርደው የጥበቃ ሽቦ ከ10 ቁጥር መዳብ (5.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ) እንዳያንስ፣ የአንቴናው ዘንግ ለብቻው ከተተከለም ከቤቱ የኤሌክትሪክ ግራውንድ ጋር ከ6 ቁጥር መዳብ (13.3 ካሬ ሚሊ ሜትር) ባላነሰ ሽቦ እንዲያያዝ ያዛል። በዚያው ኮድ መሠረት አንድ ዘንግ ብቻውን ከ25 ኦም በላይ ካለው ሌላ ይጨመርበታል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ደንቦች ከዚህ ጠንከር ይላሉ፦ አንቴናን የሚያስተሳስር መዳብ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ የመብረቅ ጥበቃ ባለው ሕንፃ ላይ የሚወርደው መስመር ደግሞ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር፤ የመሬት ሬዚስታንስም ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይመከራል። 10 ቁጥር ሽቦ ስታቲክንና በአቅራቢያ የሚወድቅ መብረቅን ያወርዳል፤ ለቀጥተኛ ምት ግን ቀጭን ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ጣቢያዎች ጥሪ ምልክት በኢቲ ይጀምራል። ከእነሱ በውጭው ዓለም ይበልጥ የሚሰማው በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። በደጋው ክፍል መብረቅ ከክረምቱ ዝናብ ጋር የሚመጣ የታወቀ አደጋ ነው፤ ከላይ የተባለውም ለአማተሮች ብቻ ሳይሆን በየጣሪያው ላይ ለተተከለው የሳተላይት ዲሽ ሁሉ ይሠራል።

የአገሩ አፈር የራሱ ጠባይ አለው። የዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ለግራውንድ እጅግ ይመቻል። በበጋ ግን ይሸበሸባል፣ በሰፊው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ በዘንጉ አጠገብ ካለፈም አፈሩ ከብረቱ ይለያል። በበልግ የሚመጣው የመጀመሪያው ነጎድጓድ የሚያገኘው ይህን የደረቀ መሬት ነው፤ ላዩ በአንድ ዝናብ ቢርስም ከሥር ያለው ገና ደረቅ ነው። ስለዚህ የዘንጉ ሬዚስታንስ መለካት ያለበት በነሐሴ ሳይሆን በጥር ወይም በየካቲት ሲሆን፣ ዘንጉም ከስንጥቁ ጥልቀት በታች እንዲወርድ ረጅም ይሁን።

የባሕር ዛፍ ግንድ ርካሽና ረጅም የአንቴና ምሰሶ ነው። እንጨት ግን መብረቅን አያወርድም፤ በውስጡ ያለው እርጥበት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ግንዱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከጫፉ እስከ ዘንጉ የሚወርድ የራሱ መዳብ ያስፈልገዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ላይ መስመሩ ከቆርቆሮው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ በሚቀራረቡበት ቦታ ይያያዛሉ፤ አለበለዚያ ብልጭታው በመካከላቸው ዘልሎ የጣሪያውን እንጨት ያቀጣጥላል። ቆርቆሮው ራሱ የመውረጃ መስመር አይሆንም፤ አንሶላዎቹ በቀለምና በዝገት ተለያይተው በምስማር ብቻ የተያዙ ናቸው።

ሶኬታቸው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ የግራውንድ ሽቦ ጭራሽ ያልተዘረጋባቸው አሮጌ ቤቶችም አሉ። በእነዚህ ቤቶች የአንቴና ዘንግ የሚያያዝበት የቤት ግራውንድ ስለሌለ ሥራው የሚጀምረው ከአንቴናው ሳይሆን ከቆጣሪው ነው፤ በቆጣሪው አጠገብ ዘንግ ተተክሎ የግራውንድ ሽቦ እስከ ሬዲዮ ክፍሉ ሶኬት በባለሙያ ይዘረጋል፣ ከዚያ የአንቴናው ይያያዛል። ኒውትራልን በሶኬቱ ላይ ከግራውንድ እግር ጋር ማቆራኘት በአንዳንድ ሠራተኞች እንደ መፍትሔ የሚወሰድ ቢሆንም አደገኛ ነው። የኒውትራሉ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ የሬዲዮው ብረት፣ የአንቴናው ገመድና ምሰሶው በሙሉ 220 ቮልት ይይዛሉ።

ክላምፖች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋው መጨረሻ፣ ይጠበቃሉ፤ የዛገ ይቀየራል። በአቅራቢያ መብረቅ ከወደቀም አሬስተሩ ይፈተሻል። የተበላሸ የጋዝ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ከደህናው አይለይም፤ ዘግቶ የቀረ ሲሆን በኦም መለኪያ በመሐሉ ሽቦና በሽፋኑ መካከል ዜሮ ያሳያል፣ ተከፍቶ የቀረው ግን በኦም መለኪያ ስለማይታወቅ ከከባድ ምት በኋላ ሳይለኩ መቀየር የተለመደ ነው።